የወንድሜ ትንፋሽ

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽ ተሻለሽ? የላክሁልሽን ቅባት እየተቀባሽ ነው ወይስ እንደ ልማድሽ ለጎረቤት ሰጠሽው? እኔ ደህና ነኝ። በስልክ ድምፄ ይከዳኛል ብዬ ነው የጻፍኩልሽ። ወንድሜ በጣም ታሞ ነበር፤ አሁን ተሽሎታልና ሳትደነግጪ አንብቢው።

ካለፈው ወር ጀምሮ ትንፋሹ ልክ አልነበረም። ቁጭ ብሎ የተማሪዎቹን ፈተና እያረመ፣ ዳገት እንደወጣ ሰው በረጅሙ፣ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል። ሲጋራህን አልተው ብለህ ነው ብዬ ጮኽኩበት። እሱ ደግሞ፣ አየር በነፃ ነው፣ ምን አስቆጠረሽ ብሎ ቀለደብኝ። ክሊኒክ አስም ነው ብለው መድኃኒት ሰጡት፤ ጠብ ያለለት ነገር የለም። ሰኞ ጠዋት ቁርሱን አስመልሶ፣ ስጠራውም አልሰማ ሲለኝ፣ በታክሲ ሆስፒታል አደረስኩት።

ከእጁ አንጓ ደም ወሰዱ። ሐኪሟ ሳንባው ደህና ነው፣ የደከሙት ኩላሊቶቹ ናቸው አለችኝ። ግራ ሲገባኝ አስቀምጣ አስረዳችኝ። ሰውነታችን ሁሌም አሲድ ያመነጫል፤ ደማችን ግን አሲዱ ከልኩ ትንሽ ዝንፍ ሲል አይችለውም። ኩላሊት አሲዱን በሽንት ያስወጣል፣ አሲዱን የሚያበርደውንም ለደም ይመልሳል፤ ሥራው ግን ቀናት ይፈጃል። ሳንባ ደግሞ የተቃጠለውን አየር እያስወጣ በደቂቃዎች ውስጥ አሲዱን ይቀንሳል። የእሱ ኩላሊቶች ሲያቅታቸው ሳንባው ያለ ዕረፍት ሲደርስላቸው ከርሟል። ያ የተቆጣሁበት ትንፋሽ፣ እማዬ፣ በሕይወት ያቆየው እሱ ነበር። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ አለቀስኩ።

ደሙን በማሽን አጠቡለት። በሦስተኛው ቀን ተኝቶ ደረቱ በቀስታ ከፍ ዝቅ ሲል አየሁ፤ ወንበር ስቤ ተመለከትኩት። ሲነቃ፣ ሕመሙን ካወቀ ዓመት እንዳለፈው ነገረኝ። ለምን ደበቅከኝ ስለው፣ ልብስ እየሰፋሽ አስተማርሽኝ፣ አሁን ደግሞ በሽታዬን ላሸክምሽ ወይ አለኝ። ተቆጣሁትና ግንባሩን ሳምኩት።

እጥበቱ በሳምንት ሦስት ቀን ነው። ሐኪሟ የተሻለ መንገድ አለ ብላ መርምራናለች፤ አንዱ ኩላሊቴም ለእሱ ገጥሟል። እሱ አይሆንም ብሎ ሁለት ቀን አኩርፎኝ ነበር፤ እልኸኝነቴን ስለሚያውቅ በመጨረሻ እሺ አለ። እኔም ከሥራ ፈቃድ ወስጃለሁ፤ ለተወሰኑ ሳምንታት ከባድ ነገር አላነሳም።

ሐሙስ ስትመጪ ቀዶ ጥገናው አልቆ ይጠብቅሻል፤ መጀመሪያ እሱ ጋ ግቢ። እኔን ከጎኑ ባለው ክፍል ታገኚኛለሽ። አደራ፣ እንዳትቆጪኝ።

ዕድሜሽን ያርዝመው፤ ጸሎትሽ ከሁለታችንም አይለየን።

ታላቋ ልጅሽ