ሆግዋሽ በዕድሩ ስብሰባ ላይ

እሑድ፣ ኖቬ. 2፣ ከቀኑ 11 ሰዓት
ካልሲ አጠብኩ። ማሞቂያው ላይ አሰጣሁ። ክቡር ደብተር ሆይ፣ አሁን ወደ ኀጢአቴ።

የዕድር ስብሰባ ነበር። ብቸኛ ጓደኛዬ ወርቁ፣ ሦስት ፎቅ ከበላዬ የሚኖረው፣ ዕድሩ የራሱን ወንበር ይግዛ ለማለት አርባ ደቂቃ ፈጀ። እኔ ከኋላ ሆኜ፣ "ሆግዋሽ!" አልኩ። ወጣቶቹ ሳቁ። እዚያ ላይ ባቆም ምን ነበረበት! ሰብሳቢያችን እትዬ አሰለፈች ትርጉሙን ጠየቁኝ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሥራዬ ይኸው አይደል? ቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ፣ ፈረንጅ ከንቱ ወሬን የሚጠራባቸውን ቃላት ከነትውልዳቸው መልቀም። ተነሣሁ። ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ድሮ ለአሳማ የሚደፋ የወጥ ቤት እጣቢ ነው ብዬ አብራራሁ። ለኦርቶዶክስ ጉባኤ። አሳማ።

ወርቁ መነጽሩን አወለቀ።

"የእኔ ንግግር የአሳማ እጣቢ ከሆነ፣ እስካሁን ሲያዳምጠኝ የቆየው ሰው ሁሉ ምንድን ነው?"

አዳራሹ በሙሉ ዞሮ አየኝ።

ማክ.፣ ኖቬ. 4፣ ረፋድ
ስልክ አንዴ ጮኸ። የጥርስ ሐኪም ቤት፣ የተቀዳ ድምፅ። እስከ መጨረሻው አዳመጥኳት። ጨዋ ልጅ ናት።

"ክላፕትራፕ" አገኘሁ። ከቴአትር ቤት የመጣ፤ ጭብጨባ ማጥመጃ ማለት ነው። ለወርቁ ልኩ ይኼ ነበር! አሳማ የለበት፣ እጣቢ የለበት። ደስ ብሎኝ ስልኬን አነሣሁ። ለማን ልነግር? ለወርቁ። መልሼ አስቀመጥኩ።

ረቡዕ፣ ኖቬ. 5፣ ከሰዓት
ነገ ወርቁ የዓይን ሞራ ይገፈፍለታል። ክሊኒኩ አጃቢ የሌለውን ይመልሳል። ፎርሙ ላይ አጃቢ ተብሎ የተጻፈው የእኔ ስም ነው። ልጁ ሩቅ ከተማ፣ ካልጋሪ ናት።

እትዬ አሰለፈችን ኮል አደረግኋቸው። ሽማግሌ ይላኩልኝ ብዬ ለመንኩ። ሳቁብኝ።

"አንተ ሰው! ሰው በተጣላ ቁጥር የምንልከው አንተንና ወርቁን አይደል? አሁን ማንን ልላክልህ?"

እውነት ነው። ስንት ባልና ሚስት አስታርቀናል። እሱ ያለቅሳል፣ እኔ አስቃለሁ።

ለመጽናኛ "ባንከም" የሚለውን ሌላ የከንቱ ወሬ ቃል አየሁ። አንድ የአሜሪካ ምክር ቤት አባል ነው አሉ፣ በረጅም ንግግር ሰው ሲያሰለች በቃህ ቢሉት፣ እኔ የምናገረው ለእናንተ ሳይሆን ለአገሬ ለባንከም ሰዎች ነው አለ። ሳቅሁ። ከዚያ ሳቄ ተቋረጠ። ወርቁስ? ሚስቱ ከሞተች ወዲህ የሚናገረውን ቁጭ ብሎ የሚሰማው የት አለ? ወንበር፣ ወንበር ሲል የከረመው፣ ሰው ፊቱ እንዲቀመጥለት ይሆን? እኔ ደግሞ አሾፍኩበት። ጎበዝ!

ሐሙስ፣ ኖቬ. 6፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት፣ የሕንፃችን ሎቢ
ወርቁን የሚወስደው ታክሲ 1፡30 ይመጣል። በወጋችን በደለኛ ድንጋይ ተሸክሞ፣ ሽማግሌ አስቀድሞ ነው የሚሄደው። ሰፈራችን ክሬሰንት ታውን ሁሉ ሲሚንቶ ነው፤ ድንጋይ ከየት ይምጣ? ሽማግሌውም እኔው ነኝ።

ንግግር አላዘጋጀሁም። ቢሰድበኝ አልመልስለትም፣ ጥሩ መልስ ቢመጣልኝም እንኳ። ቢያባርረኝ ከሹፌሩ ጎን እቀመጣለሁ። እሱን ክሊኒክ ሳላደርስ ግን ተመልሼ ቤቴ አልወጣም።