«ፍሬን አልያዘም»

ውድ አያ አምባዬ፣

መሪጌታ ገዳሙ ማክሰኞ ዕለት ደብረ ማርቆስ ፍርድ ቤት ቀርበው የእናታችንን የመጨረሻ ቃል ተናገሩ። ቃሉ ሁለት ነው፦ «ፍሬን አልያዘም»።

በጋዜጣ የምጽፍልህ አድራሻህን ስለማላውቅ ነው። በየሳምንቱ አዳዲስ መኪኖችን የምገመግመው በዚህ ገጽ ነው፤ አንተም ሳታነበው ያለፈ ሳምንት አላስታውስም። ስትስማማ ዝም ትላለህ፣ ስትናደድ ትደውላለህ። ስለዚህ አዘጋጃችንን ገጹን ለአንድ ሳምንት እንዲተውልኝ ጠየቅሁት።

«ስለ መኪና ነው ስለ ወንድምሽ?» አለኝ።

«ስለ ሁለቱም።»

«እንግዲያው ከርእስሽ አልወጣሽም» ብሎ ተወልኝ።

ሌላ አንባቢም ስላለ የሆነውን ላስታውስህ። በመስከረም እናታችንን ወለተ ማርያምን ይዘህ ለአጎታችን ተዝካር ጮቄ ተራራ ሥር ወዳለችው ሮብ ገበያ ወጣህ። ከሰዓት በኋላ ስትመለሱ፣ ቁልቁለቱ ሊያልቅ ሲል፣ አዲሷ መኪናህ ኩርባውን ስታ ገደል ገባች። አንተ ክንድህ ተሰብሮ፣ ራስህን ስተህ ተገኘህ። እናታችን ሆስፒታል ሳትደርስ ዐረፈች። ከተዝካሩ በበቅሎ በአቋራጩ ከኋላችሁ ይመጡ የነበሩት የቅኔው መምህር፣ መሪጌታ ገዳሙ፣ ከሁሉ ቀድመው ደረሱ። ያን ቃል የሰሙት እሳቸው ብቻ ናቸው።

ሆስፒታል ሊጠይቁህ ሲመጡ እኔ በግርጌህ ቆሜ ነበር። «ምን አለች?» አልሃቸው። «ፍሬን አልያዘም አለች» አሉህ። ፊትህን ወደ ግድግዳው አዞርህ። «እሷም እንዲህ አለች?» አልህ። በማግስቱ ጠዋት አልጋህ ባዶ ነበር።

በቸልተኝነት ሰው በመግደል ተከስሰሃል። ጉዳዩ በሌለህበት እየታየ ነው። ዐቃቤ ሕግ የያዘው ዋና ማስረጃ ደግሞ ያ የእናታችን ቃል ነው። «ፍሬን አልያዘም» ሲባል ፍሬኑ አልሠራም ማለት ይሆናል። ልጄ እግሩን ፍሬን ላይ አላሳረፈም ማለትም ይሆናል። «ፍሬኑ» ብትል፣ ወይም «አልያዘለትም» ብትል ኖሮ ማንም ባልተከራከረ ነበር። ትንፋሽ አላገኘችም።

ማክሰኞ ችሎቱ ሞልቶ ነበር። ዐቃቤ ሕጓ ወጣት ናት፤ ክፉ አይደለችም።

«አባታችን፣ ሟች ይህን ሲሉ ምን ማለታቸው ነበር?» አለቻቸው።

«ያለችውን ነገርሁሽ፣ ልጄ።»

«ማለቴ፣ ለእርስዎ ምን መሰለዎት?»

«ምን ሰማህ ተብዬ ነው የተጠራሁት። ምን መሰለህ ተብዬ አይደለም።»

ከኋላ ወንበር ሰው ሳቀ። ዳኛው ጠረጴዛውን መታ መታ አደረጉና ራሳቸው ጠየቁ፦ «መሪጌታ፣ እርስዎ የቅኔ መምህር ነዎት። ሰሙን ከወርቁ መለየት ሥራዎ ነው። ይህን መፍታት እንዴት ያቅትዎታል?»

«ክቡር ዳኛ፣ ተማሪዬ የተቀኘው ካልገባኝ ‹ምን ማለትህ ነው?› እለዋለሁ፤ ይነግረኛል። የዚህችን ቃል ባለቤት ቀብረናታል። ማንን ልጠይቅ? በሟች ቃል ላይ ፊደል አልጨምርም፤ አልቀንስምም።»

ዳኛው አመስግነው አሰናበቷቸው።

አያ አምባዬ፣ መኪናዋን ልትገዛ ስትል በስልክ የተጨቃጨቅነው ትዝ ይልሃል? እኔ መለዋወጫው በየመንደሩ የሚገኝ፣ ማንም መካኒክ የሚያውቀው የጃፓን ፒክአፕ ውሰድ አልሁህ፤ አሮጌም ቢሆን። አንተ ጮኽህብኝ። «እስከ መቼ ነው ሰው ጠግቦ የተወውን የምንነዳው? ዱባይ ያረጀውን! አውሮጳ የጣለውን! አንድ ጊዜ እንኳ የወንበሩን ላስቲክ እኔ ልቅደደው!»

እውነት ነበረህ። አገሩ በአሮጌ መኪና የሚሄደው ወዶ አይደለም፤ ቀረጡ አዲስ መኪናን የጥቂቶች አደረገው። እዚሁ የሚገጣጠሙት ሲመጡ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። ነገር ግን መገጣጠም መሥራት አይደለም ብዬ ጽፌአለሁ፤ ዛሬም እላለሁ። በሣጥን የመጣውን በብሎን ማሰር አንድ ነገር ነው። መኪናዋን ጮቄ ሥር አምጥቶ፣ ሰው ሞልቶ፣ ያን ኮረኮንች ቁልቁል አውርዶ ማየት ሌላ ነገር ነው። ያን ያየ ሰው ስለመኖሩ ብዙ ጠይቄአለሁ፤ የመለሰልኝ የለም።

ያንተዪቱን፣ ክሮስኦቨር የሚሉትን ዓይነትም አልወደውም ነበር። ቁመቱን ከጂፕ፣ ሆድ ዕቃውን ከአውቶሞቢል ወስዶ፣ ጂፕ ሳይሆን የጂፕ ልብስ ለብሶ ይቆማል ብዬ ጻፍሁ። ያን ስታነብላት እማ ምን እንዳለች ነግረኸኛል። «ታዲያ በቅሎ ናታ! አባትሽ ማን ነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት የምትል!» ከዚያ ወዲያ የመኪናዋ ስም በቅሎዋ ሆነ። ባለባጃጁ ሙላት በራችሁ ላይ ባገኘህ ቁጥር «አያ አምባዬ፣ በቅሎዋ ገብሷን በላች?» ይልህ ነበር። አንተም «ካንተ ፌንጣ ትሻላለች» ትለው ነበር። አሁን በበራችሁ ሲያልፍ ጥሩምባውን አይነፋም።

ለምን እንደገዛሃት የገባኝ ለፋሲካ ስመጣ ነው። እማ ጉልበቷን ታምማ ነበር። ላንድክሩዘር ላይ ለማውጣት ሁለት ሰው ይደግፋታል። ቪትዝ ውስጥ ለመግባት ደግሞ መታጠፍ አለባት፤ መታጠፉን አልቻለችም። የበቅሎዋ ወንበር ከወገቧ ልክ ነው። በሩን ራሷ ከፈተች፣ ዞር አለች፣ ቁጭ አለች። ማንም አልነካትም። ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ፊት ተመለከተች። «አየሽ፣ ጋዜጠኛዋ?» አልኸኝ። አየሁ። አንድ ሰው ክሮስኦቨር የሚገዛበትን እንዲህ ያለ ምክንያት በየትኛውም ማስታወቂያ አላነበብሁም።

መኪናዋን የገጣጠማት ኩባንያ ባለሙያ ልኮ አስመርምሯታል። የኩባንያውን ስም እዚህ አልጽፍም፤ ገና አልተፈረደበትም። ያንተንም የአባት ስም ያልጻፍሁት ስለዚሁ ነው። የፍሬን ሸራዎቹ በሙቀት ተቃጥለዋል አለ ባለሙያው። ይህ ግን አሽከርካሪው ቁልቁለቱ ላይ ደጋግሞ ፍሬን መያዙን ያሳያል እንጂ በመጨረሻው ኩርባ መያዙን አያሳይም አለ። የጎማውን ምልክት ደግሞ የዚያን ዕለት ዝናብ አጥቦታል። በረጅም ቁልቁለት ማርሽ ቀንሶ መውረድ እንደሚገባ በመመሪያው መጽሐፍ ተጽፏል ሲልም ጨመረ። መጽሐፉን አየሁት፤ ተጽፏል።

ዓባይ በረሃን በአይሱዙ ስትወርድ ስትወጣ የኖርህ ሰው በማርሽ መያዝን ከመጽሐፍ አትማርም። ነገር ግን ኦቶማቲኳን ሲያስረክቡህ «እጅዎን ያሳርፉ፤ እሷ ራሷ ታውቃለች» እንዳሉህ አጫውተኸኛል። ስቀህ ነበር። እኔ አሁን ቁጭ ብዬ የማስበው ይህን ነው። እሷ ታውቅ ነበር? ወይስ አታውቅም ነበር፤ አንተም እያመንሃት እግርህ ዘገየ? ይህን ከአንተ በቀር የሚያውቅ በዓለም ላይ የለም።

አሁን ወደ ጻፍሁበት ምክንያት ልምጣ።

ማክሰኞ ከችሎት ስንወጣ መሪጌታን ተከትዬ ሄድሁ። ተቆጥቼ ነበር።

«አንድ ፊደል ቢጨምሩ ምን ነበረበት?» አልኋቸው። «ልጇን እኮ ነው የሚፈርዱበት!»

ቆሙ። በመቋሚያቸው መሬቱን ጫር ጫር አደረጉ። «እኔ የጨመርሁት የለም፤ እናንተ ግን ቀንሳችሁ ነው የምትሰሙት። ንግግሩ እኮ ከዚያ አልጀመረም፤ ከተዝካሩ ቤት በር ነው የጀመረው።»

«የምን ንግግር?»

ነገሩኝ። እማ መኪናዋ ውስጥ ተቀምጣ፣ እሳቸው በቅሏቸውን ሲጭኑ፣ በመስኮት ጠራቻቸው።

«መሪጌታ፣ ከኛ ጋር አይሄዱም?»

«የማውቃት በቅሎ አለችኝ። የኔዪቱ ልጓም አላት፤ የእናንተዪቱስ?»

«የኛዪቱም ፍሬን አላት!»

ተሳሳቁ። እሳቸውም ኮርቻው ላይ ሲወጡ፣ «እንግዲህ መያዝ አለመያዙን ስንገናኝ ትነግሪኛለሽ» አሏት።

አያ አምባዬ፣ ከዚያ በኋላ የተገናኙት ገደሉ ውስጥ ነው። ዐይኗን ገልጣ አየቻቸው። ነገረቻቸው።

መንገዱ ዳር ተቀመጥሁ። ሰው ያየኝ ነበር፤ ግድ አልሰጠኝም። «ለምን ይህን ለዳኛው አልነገሩም?» አልሁ።

«ምን አለች ብለው ጠየቁኝ፤ ያለችውን ተናገርሁ። አንተስ ምን ብለሃት ነበር ብሎ የጠየቀኝ የለም።»

«ለአምባዬስ?»

«እሱ እዚያው ነበር እኮ። ሰምቷል ብዬ ነዋ።»

«የት ነበር?»

አሰቡ። «ኮፈኑን ከፍቶ ውስጡ ገብቶ ነበር» አሉ። ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ። አንድ ፊደል አልጨምርም ያሉት ሰው «እኔ ነኝ ያባረርሁት?» ብለው ጠየቁኝ።

ሳይነሡ ውኃ ማየት የአይሱዙ ልማድህ ነው። በአዲስ መኪና ኮፈን ሥር ከላስቲክ ክዳን በቀር የሚታይ ነገር የለም ብዬህ ነበር፤ አልተውህም። እናታችን በዚያ ኮፈን ማዶ ስትስቅ አልሰማሃትም። ሆስፒታል ተኝተህ መልሷን ብቻ ሰማህ፤ ጥያቄውን ሳትሰማ።

ወደ ፍርድ ቤት ሮጥሁ። መሪጌታ እንደገና ይሰሙልን አልሁ። የዐቃቤ ሕግ ምስክርነታቸው አብቅቷል፤ አሁን በመከላከያ ምስክርነት ሊጠራቸው የሚችለው ተከሳሹ ራሱ ቀርቦ ነው አሉኝ። እህት ነኝ አልሁ። እህት ተከሳሽ አይደለችም አሉኝ።

እኔ ያላረጋገጥሁትን በዚህ ገጽ ጽፌ አላውቅም፤ ላንተም አልጽፍልህም። መሪጌታ የነገሩኝ ነገር በመጨረሻው ኩርባ ፍሬን መያዝህን አያረጋግጥም። አንድ ነገር ብቻ ያረጋግጣል፤ እናታችን አንተን አልከሰሰችም። ለተጠየቀችው መልስ ሰጠች። የተሸከምኸው ሸክም ያ ከሆነ አውርደው። የተሸከምኸው ሌላ ከሆነ፣ እሱን ብቻህን አትሸከመው።

ባለፈው ወር ክንዱ የታሰረ ሰው ዲማ ገዳም ታየ ሲሉኝ ዲማ ሄድሁ። ሰውዬው መጥቶ ነበር፤ ከተማሪዎቹ ጎን ተቀምጦ ትምህርቱን ሰምቶ፣ የት እንደሚሄድ ሳይናገር ተነሥቷል። አንተ ትሆን አትሆን አላወቅሁም። ፎቶግራፍህን ያየ አንድ ተማሪ «ይህ ወፍራም ነው» አለኝ። በዚያች ቃል ስንት ቀን እንደኖርሁ አልነግርህም። ምናልባት ከስተህ ይሆናል፤ እየከሳ ያለ ሰው በሕይወት ያለ ሰው ነው።

ባለቤትህ ካሰች የግቢውን በር አትቀረቅርም። ጎረቤቶች ሌባ ይገባብሻል አሏት። «ሌባም ቢሆን ይግባ፣ በሩ ሲጢጥ ሲል ልስማ» አለቻቸው። ማልቀሱን ትታለች፤ ይህ ከልቅሶዋ በላይ ያስፈራኛል። እኔ መኪና መገምገም አልቻልሁም። አዲስ መኪና ሰጥተውኝ ስነዳ፣ ገና ሜዳ ላይ ሳለሁ ፍሬኑን እየረገጥሁ እሞክረዋለሁ። ከኋላዬ ያለው ሁሉ ይጮህብኛል።

በሕይወት መኖርህን አላውቅም። ይህን ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ ሰርዤ መልሼ ጻፍሁት፤ እውነት ስለሆነ ይቀመጥ። ካለህ፣ አንድ ቦታ፣ ጎሚስታ ደጃፍም ይሁን ሻይ ቤት፣ ሰው የተወውን ጋዜጣ አንሥተህ የእኔን ገጽ ፈልገህ ይሆናል። በዚህ ሳምንት ስለ መኪና የማውቀው ይህን ብቻ ነው።

ፍሬን ይዘህ ከሆነ ና። ሳትይዝ ከሆነም ና። ይዘህ ከሆነ መሪጌታን ትጠራቸዋለህ፤ ሳትይዝ ከሆነ እኔ ከጎንህ እቀመጣለሁ። ያንተን ሳልሰማ ለማንም አልፈርድም፤ ለመኪናዋም፣ ላንተም።

ከፍርዱ በፊት ከቀረብህ መከላከያህ ይሰማል፤ ካልቀረብህ በተሰማው ቃል ብቻ ይወስናሉ። መሪጌታ ተጠሩም አልተጠሩም በቅሏቸውን ጭነው እንደሚመጡ ነግረውኛል። እኔ በር ላይ እቆማለሁ። ቀጠሮው ረቡዕ ጥር 18 ቀን 2008 ዓ.ም. ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው።

እህትህ ሥራነሽ
ደብረ ማርቆስ፣ ታኅሣሥ 2008 ዓ.ም.