ለእኔ የተመለሰችው ሳጥን

ወዳጄ ልብስ ሰፊው፣

ልጄ ተኝቼ ሳለሁ ጥላኝ ተራራ ወጣች። እንዲህ ያለ ንቀት ከጠላትም አልጠብቅም። የመጣነው አብረን ሳጥን ልንፈልግ ነበር። ጨዋታው እንዲህ ነው፦ አንዱ መንገደኛ ይደብቃታል፣ ሌላው በስልክ እየተመራ ይፈልጋታል፤ ያገኛትም ውስጧ ባለው ወረቀት ላይ ስሙን ጽፎ እዚያው ይመልሳታል።

ባርኔጣዬን ደፍቼ ዱካዋን ተከተልሁ። በረሃው ጥላ የሚባል አያውቅም፤ ድንጋዩ እንደ ካውያህ ይፋጃል። ሱቅህ ፊት ያለው፣ ሁልጊዜ የምንረግመው ዳገት ከዚህ ጋር ሲወዳደር ምንጣፍ ነው። ጥርሴን ነክሼ ወጣሁ።

ጫፉ ላይ ድንጋይ ስትገላብጥ ደረስሁባት።

«አባዬ፣ ለልብህ ፈርቼ እኮ ነው» አለችኝ።

«ልቤን ጠይቀሽው ነበር?»

«እሱም እንዳንተ እምቢተኛ ነው፤ መች ይመልስልኛል? ይልቅ እኔ ሳጥኗን አጣኋት፤ አንተ እዚያ ስንጥቅ ውስጥ እስቲ እይ።»

እጄን ብሰድ ሳጥኗ አለች። ዙሪያዋ ሁሉ አቧራ ለብሷል፤ ክዳኗ ግን ገና አሁን በእጅ ተጠርጓል። ቀድማ አግኝታት፣ ስመጣ ስታየኝ ለእኔ ብላ መልሳ እንደደበቀቻት ገባኝ። ማወቄን አልነገርኋትም። ስሜን ጻፍሁ፤ ከሥሩ የእሷን አስጻፍኋት። ነገ ሌላ ተራራ አለ፤ ጫማዬን ከጫማዋ አጠገብ ራሷ አስቀምጣዋለች።

የምጽፍልህ ፖስት ካርድ ሞላብኝ። ለባለቤትህና ለጸጉር አስተካካያችን ሰላምታዬን አድርስልኝ። ጥላኝ መሄዷን ግን አንተም አታንሳብኝ፤ እኔም ዳግመኛ ከአፌ አላወጣውም።