የሐምዱ ግድግዳ ቪየና ገባ

ለሞጣ ገበያ ሕዝብ በሙሉ ይታወቅ! የሐምዱ ሱቅ ግድግዳ ከነስንጥቁ ቪየና ከተማ ገብቷል።

ወንድሜ ሐምዱ፣ አትሳቅ፣ እውነቴን ነው። የልጅ ልጄ ሊድያ በዓለም አቀፉ የማቴሪያል ሳይንስ ጉባኤ ላይ የጭቃ ምርጊት ጥናቷን ይዛ ቀርባለች፤ ትልቁ ፎቶ ያንተ ግድግዳ ነው። በአዳራሹ መግቢያ የድሮዎቹ ጉባኤዎች ፎቶ ተሰቅሏል። በመጀመሪያው ዓመት የመጡት ብረት የሚያጠኑ ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ ከዚያ መስታወቱም ፕላስቲኩም ተራ በተራ ገባ። ዘንድሮ ተራው ለኛ ጭቃ ደረሰ!

ታዲያ ለምርጡ ጥናት የሚሰጠውን ሽልማት የሚወስኑት አዛውንት ፕሮፌሰር መጡና፣ "ግድግዳው የተሰነጠቀው ጭቃው ሳይብላላ ስለተመረገ መሆኑን በምን አወቅሽ?" ብለው ሊድያን አፋጠጧት። ልጅቷ ወደ እኔ ዞረች። እኔ ከኋላ ሆኜ፣ "ጭቃውን የረገጥኩት እኔ ነኝ በያቸው! ከጭዱ ጋር ሃያ ቀን መሽተት ሲገባው፣ ሐምዱ ቸኩሎ በሦስተኛው ቀን አስመረገን" አልኳት። ስትተረጉምላቸው እግሬን አዩ፣ ሳቁ፣ ጻፉ። አንደኛ ወጣች!

ከተማው ሁሉ መስታወት ነው፤ እንደ ሱቅህ ግድግዳ ጀርባ አስደግፎ የሚያጫውት አላየሁም። ባለቤትህን ዑሙሰልማን ሰላም በልልኝ። የፖስታ ካርዱ ቦታ እያለቀብኝ ነው፤ ግን አንዲት ነገር ዋሽቻለሁ። የቸኮልከው አንተ አይደለህም፤ የብቸናው ሠርግ እንዳያመልጠኝ ያጣደፍኩህ እኔ ነኝ። አርባ ዓመት ሙሉ በአንተ ሳሳብብ ኖርኩ። ስመለስ ሃያውን ቀን ጠብቄ እኔው እመርግልሃለሁ።

ወንድምህ ይታያል