የባልዲ ተራ

መጋቢት 4

ሁለት ሱሪ አሳጠርኩ። አንድ ዚፕ ቀየርኩ። ጠዋት እንደ ልማዴ የእማዬን ክኒን ለሁለት ሰንጥቄ ግማሹን ሰጠኋት፣ ብርቱካኗን አጠገቧ አኖርኩና ወደ ስፌት መኪናዬ ተመለስኩ። ኋላ ባልዲውን ደጅ አወጣሁ።

ስድስት ቤት ነን። ከጓዳ የሚወጣውን ሁሉ በጡረተኛዋ መምህርት ጓሮ እናበሰብሳለን፤ አፈር ሲሆን ለጋራ አትክልታችን ይውላል። ባለተራው በየሳምንቱ ይቀየራል። ባልዲ ይሰበስባል፣ ይለያል፣ ልጣጩን በእጁ ይቀዳድዳል። "ያልተቀደደ ልጣጭ ቶሎ አይበሰብስም" ትላለች መምህርቷ።

የዚህ ሳምንት ባለተራ የቧንቧ ሠራተኛው ነው። ጓሮው ከመስኮቴ ሥር ስለሆነ አየዋለሁ። የሌሎቹን በአንድ ትንፋሽ ጨረሰ። የእኛ ላይ ግን ተንበርክኮ ቆየ። ምን ይፈልጋል?

መጋቢት 6

ባልዲ ሁሉን ይናገራል። የበላነውን፣ የተረፈንን፣ ያረረብንን... ድሮ የቆሻሻ መኪና ይወስደው ነበር፤ ማን ምን እንደጣለ ማን ያውቃል? አሁን ጓዳዬ በየቀኑ አደባባይ ይወጣል። "ለልጅ ልጆቻችን ነው" ሲሉኝ እሺ አልኩ። ልጅ እንኳ የለኝም።

መጋቢት 9

እማዬን ደረጃው ላይ አዞራት። ሐኪሙ የደም ግፊቷን ለካ፣ ራሱን ነቀነቀ። "ግማሹ አልበቃም። ከነገ ጀምሮ ሙሉውን።"

አመሻሽ ላይ እህቴ ደወለች። "አንድ ጊዜ ከወደቀች መጥቼ እወስዳታለሁ። አንተ እንደሆንክ ከመኪናህ ቀና አትልም።"

ማዞሩን ማን ነገራት? እኔ አልነገርኳትም። ብትወስዳትስ? ይህ ቤት ያለ እማዬ ሳል ምን ቤት ነው...

መጋቢት 11

መምህርቷና የቧንቧ ሠራተኛው በብስባሹ ጉድጓድ አፍ ላይ ያወራሉ። ስደርስ ጸጥ።

"ስለ ትል ነው" አለ እሱ።

ስለ ትል በሹክሹክታ?

እሷ ትክ ብላ አየችኝ። "እንቅልፍ ይወስድሃል፣ ልጄ?"

"ደህና ነኝ፣ እትዬ።"

"የከበደህ ነገር ካለ... ጎረቤት ነን።"

ለእህቴ ወሬ የምታቀብለው እሷ ናት። ሌላ ማን ይሆናል?

መጋቢት 13

ባልዲውን አላወጣሁም። ትናንትም አላወጣሁም። ሁሉን በፌስታል ቋጥሬ ከሰፈር ውጭ ጣልኩት። እማዬ ሦስት ጊዜ "ባልዲዬስ?" አለችኝ። እሷ ደግሞ ምን አስጨነቃት?

መጋቢት 14

መምህርቷ በር አንኳኳች። የቧንቧ ሠራተኛው ከኋላዋ። ጠረጴዛዬ ላይ፣ ከመቀሱ አጠገብ፣ አንዲት ብልቃጥ አስቀመጠች። ክኒን። ግማሽ ግማሽ ክኒን። ሁለት ሙሉም አለበት።

"ከየት?"

"ከብርቱካናችሁ ልጣጭ ውስጥ። ተጠቅልሎ። ሲቀደድ ዱብ ይላል።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ሦስት ሳምንት" አለ እሱ መሬት መሬት እያየ። "በየተራችን አገኘነው። ያንተ መስሎን ነው፣ ወንድሜ። መድኃኒትህን እየጣልክ፣ መኖር የሰለቸህ መስሎን። ሰው እንዲህ ተብሎ ይጠየቃል? ዝም ብለን... እናይህ ነበር።"

ለካ እውነትም ያዩኝ ነበር።

"ዛሬ ጠዋት እናትህ በአጥር በኩል ጠራችኝ" አለች መምህርቷ። "'ልጄ ባልዲውን ከለከለኝ፤ ክኒኔን የት ልጣል?' አለችኝ።"

ማንም አልሳቀም።

"ለእህቴስ ማን ነገራት?"

"የእህትህ ስልክ እንኳ የለኝ።"

ከጓዳ የእማዬ ድምፅ፦ "እኔ ነኝ የነገርኳት!"

መጋቢት 15

"አፌን እንደ እንጨት ያደርቀዋል። ነግሬህ ነበር" አለች እማዬ።

"መቼ?"

"የስፌት መኪናህ ሲጮህ።"

ሐኪሙ ጋ ሄድን፤ ክኒኑን በሌላ ቀየረው። እህቴ ጋ ራሴ ደወልኩ። ሁሉን ነገርኳት። "ልብሷን አዘጋጅ" አለችና ዘጋችው።

መጋቢት 18

እህቴ መጣች። ክኒን ስሰጥ መኪናዬን አቁሜ ከእማዬ ፊት ተቀመጥኩ። እህቴ በር ላይ ቆማ ታየኛለች። እኔ እማዬን አያለሁ። እማዬ ምላሷን አውጥታ አሳየችኝ። "ይኸው ዋጥኩ፣ አቶ መርማሪ!"

እህቴ አልሳቀችም።

መጋቢት 21

ሻንጣው ደጃፍ ላይ፣ ታክሲው በር ላይ። እማዬ የለችም። መኝታ ቤት የለችም፣ ጓዳ የለችም... በመስኮት አየኋት። መምህርቷ ጓሮ፣ በርጩማ ላይ፣ የሰው ጓንት አጥልቃ ልጣጭ ትቀድዳለች። እህቴ ሮጠች፣ ተከተልኳት።

"እማዬ፣ ታክሲው እየጠበቀን ነው!"

"ይጠብቃ። የዚህ ሳምንት ባለተራ እኔ ነኝ።"

"ተራ ውስጥ ማን አስገባሽ?"

መምህርቷ ደመና ማየት ጀመረች። መቼ ተመካከሩ? በየት በኩል? አልጠየቅኩም።

እህቴ ወደ ታክሲው ዞር ብላ አየች። ከዚያ እጅጌዋን ሰበሰበችና ቀጣዩን ባልዲ አቀበለቻት። ታክሲውን እኔ ሸኘሁ። ሻንጣውንም ወደ ቤት መለስኩ።

ስመለስ የቧንቧ ሠራተኛው መጥቷል፤ እማዬ ባልዲውን ከፍታለች። "ጉድ! አንተ ልጅ፣ ይህን ሁሉ ሽንኩርት ብቻህን ነው የምትጨርሰው? ወይስ እንግዳ አለህ?"

ሁላችንም ሳቅን። እሱም ሳቀ። ግን ባልዲውን በእግሩ ቀስ አድርጎ ወደ ራሱ ሳበው።