ሰባት ወር የያዝሁብህ ሥራ

ሐይቅ
ጥቅምት 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለውዱ ባለቤቴ ለኢምራን፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወረህመቱላህ። እኔም እናትህም አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ጉልበታቸውን ያማቸው የነበረው ለቀቅ አድርጓቸዋል። ባለፈው ሳምንት አምባሰል ድረስ ለለቅሶ ሄደው ተመልሰዋል፤ ይቅርብዎ ብል ማን ሰምቶኝ።

በወረቀት ስጽፍልህ እንዳይገርምህ። ከረመዷን በፊት ተኳርፈን ናይሮቢ ከገባህ ወዲህ የተነጋገርነው አብረን በምንሠራው ፕሮግራም፣ በኮምፓይለራችን የኢንተርኔት ገጽ ላይ ብቻ ነው። እዚያ ደግሞ ሥራውን ለሁሉም ክፍት ስላደረግነው የምንጽፈውን ብራዚል ያለውም ህንድ ያለውም ያነበዋል። ይህን ግን አንተ ብቻ እንድታነበው ስለፈለግሁ፣ አብሮኝ የሚያስተምረው ፈንታሁን ለሥልጠና ወዳለህበት ሲመጣ በእጁ ላክሁት። ፖስታውን በሙጫ ጥርቅም አድርጌ ዘግቼዋለሁ፤ እንደምታውቀው ወሬ ይወዳል።

መጀመሪያ የሥራውን ልንገርህ። አዲሱ እትም ቅዳሜ ይወጣል። የስህተት መልእክቶቹ በሙሉ አማርኛ ሆነዋል። በትምህርት ቤታችን አሮጌ ኮምፒውተሮች አንድ ፕሮግራም ለመተርጎም አርባ ሰከንድ ይፈጅ የነበረው አሁን በዘጠኝ ሰከንድ ያልቃል። መሃል ላይ መብራት ቢጠፋም ካቆመበት ይቀጥላል እንጂ እንደ ድሮው ከሀ አይጀምርም። ይህቺን የሠራት የብራዚሉ ሰውዬ ነው፤ የሐይቅን መብራት ሳያይ እንዴት እንዲህ እንዳሰበልን እንጃ፣ አላህ ይስጠው።

የቀረው ያንተ ሥራ ነበር፤ ያ ከዒድ ማግስት የላክኸው። ሰው አንዲት ቅንፍ መዝጋት ሲረሳ ኮምፓይለሩ አርባ ስህተት ከሚዘረግፍበት ዋናውን አንዱን ብቻ እንዲነግረው የሚያደርገው። እኔ ካላጸደቅሁት አይገባም፤ እኔ ደግሞ ሰባት ወር ሙሉ ይዤው ተቀመጥሁ። አንዴ ስሙን ቀይረው አልሁህ፣ አንዴ ተጨማሪ ሙከራ ጻፍለት አልሁህ። ለአንዲት ባዶ መስመር ሦስት ቀን አከራከርሁህ። አንተም ሳትሰለች በማግስቱ አስተካክለህ ትመልስና «እሺ ዙለይሃ፣ ሌላስ?» ትላለህ። እኔ ያቺን «ሌላስ» ለማየት ጠዋት ክፍል ሳልገባ ስልኬን እከፍታለሁ። ሳቅብኝ፣ ግድ የለም። የብራዚሉ ሰውዬ እንኳ የዚህ ሥራ ችግሩ ምንድን ነው ብሎ በትሕትና ቢጠይቀኝ እፍረት ያዘኝ።

ታዲያ ከሁለት ሳምንት በፊት ቅዳሜ ምን ሆነ መሰለህ። ማርያማዊት የምትባል የጤና ጣቢያ ነርስ አለች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የማስተምራት። የሕፃናትን ክትባት የሚመዘግብ ፕሮግራም እየጻፈች ነበር። አንዲት ቅንፍ ረስታ አርባ አንድ ስህተት ወጣባት። እኔ ሌላ ሰው ጋ ነበርሁ፤ ዞር ስል ቦርሳዋን አንግታለች። ይህ ለእኔ አልተፈጠረም ብላ ወጣች። ባለፈው ቅዳሜም አልመጣችም። ጥፋቷ አንድ ብቻ እንደነበር የሚነግራት ያንተ ሥራ እኔ እጅ ላይ ተቀምጦ ነበር፣ ኢምራን። በራሴ እርር ድብን አልሁ።

እሷ ጥላ የወጣች ዕለት ማታ ቤት ስገባ እናትህ ፊቴን አይተው ምን ሆንሽ አሉኝ። አንድም ሳላስቀር ነገርኋቸው። ኮምፓይለር ምን እንደሆነም ማስረዳት ነበረብኝ፤ ሰው የጻፈውን ማሽኑ እንዲገባው አድርጎ የሚያስተረጉም ነው አልኋቸው። ስንዴ እየለቀሙ ነበር፤ ሰምተውኝ ሲያበቁ ቀና አሉ።

«ለማሽን አስተርጓሚ የምትሠሩ ሰዎች ለራሳችሁ አጣችሁ? የልጄን ሥራ ልቀቂለት። እንዲመጣ ከፈለግሽም ና በይው።»

እኔም ከሳቸው ጎን ተቀምጬ ስንዴውን መልቀም ጀመርሁ። ከዚያም እንደገና አሥራ ሁለት ቀን አመነታሁ፤ እልኸኝነቴን መቼም አንተ ታውቀዋለህ።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ አጸደቅሁት። ቅዳሜ ከአዲሱ እትም ጋር ይወጣል። ነገ ማርያማዊት ቤት ሄጄ ተመለሽ ብዬ እለምናታለሁ፤ ጥፋቱ የእኔ እንደነበርም እነግራታለሁ። የመጽደቁ ወሬ ከዚህ ደብዳቤ ቀድሞ ይደርስሃል። እስከዚያው ዝም ስልህ አኩርፋ ነው እንዳትል።

ሥራህ ስህተት አልነበረበትም። መጀመሪያ የላክኸው ዕለትም አልነበረበትም። ካጸደቅሁት የምንነጋገርበት ነገር ያልቃል ብዬ ፈርቼ ነው። ሳታማክረኝ ናይሮቢ እሄዳለሁ ማለትህ አሁንም ያንገበግበኛል፣ አልዋሽህም። ብትሄድ ግድ የለኝም ያልሁህ ግን ወላሂ ውሸቴን ነበር።

አሁን እኔም አንድ ሥራ ጀምሬያለሁ። ለሚቀጥለው እትም ነው፣ ማንም አይቸኩልበትም። የምታርመው አንተ ነህ። እርማትህን ግን በገጹ ላይ አልቀበልም። ኮምቦልቻ ከአውሮፕላን ወርደህ፣ ሚኒባስ ይዘህ፣ አጠገቤ ተቀምጠህ በጣትህ ታሳየኛለህ።

እናትህ ካለህበት አላህ ይጠብቅህ፣ እግርህን ወደ ቤትህ ያቅናልህ ብለው ዱዓ አድርገዋል። እኔም አጠገባቸው ሆኜ ጮክ ብዬ አሚን ብያለሁ።

ያንተዋ
ዙለይሃ