የጋሽ ቶሎሳ መደብ

ጥቅምት 4፣ ጠዋት

ጉም ነው። ደጄ ላይ ቆሜ እጄን ስዘረጋ ጣቶቼ ይጠፉብኛል። እንጨት ተሸካሚዎቹ ከኪዳነ ምሕረት በኩል ሲወርዱ መጀመሪያ የሚሰማው ቅጠሉ ነው፣ መሬቱን ሲጠርግ። ቆይቶ ሴቶቹ ከጉሙ ይወጣሉ፣ ጎንበስ ብለው። ጫካው እግር አውጥቶ የሚወርድ ይመስላል።

ጋሽ ቶሎሳ መደቡን ጨረሱ። ስለ እሳቸው ነግሬሽ አላውቅም፣ ደብተሬ። ጎረቤቴ ናቸው፣ ጡረታ የወጡ ግንበኛ። የሰፈሩን ቦይ የሚጠርጉት፣ ወደ ቤ/ክ የሚወስደውን ደረጃ የደረደሩት እሳቸው። ያዘዛቸው የለም፣ የከፈላቸውም የለም። አሁን ደግሞ ተሸካሚዎቹ የሚያርፉበት የድንጋይ መደብ፣ መንገዱ ዳር። ቁመቱ እንደ ወንበር። ፊቱ ልስልስ ያለ። ያምራል።

አየሁት። ቁመቱን በዓይኔ ለካሁና ገባሁ።

ጥቅምት 7፣ ከሰዓት

ማንም አልተቀመጠበትም። ዳገት የሚሮጡት ወጣቶች ብቻ ወደውታል፣ እግራቸውን ሰቅለው ያፍታቱበታል። ጋሽ ቶሎሳ ከማዶ ሆነው ያያሉ።

ዛሬ አንዷን ተሸካሚ አረፍ እንድትል ለመኗት። ቀይ ሻሽ ያሰረችዋን። እርምጃዋን ሳትገታ፣ «ጋሼ፣ ይሄማ ለሙሽራ ነው የተሠራው» አለቻቸው። ጓደኞቿ ሳቁ። እሳቸውም ሳቁ። ከዚያ ባርኔጣቸውን አውልቀው ብዙ ጊዜ አገላብጠው አዩት።

ለምን እንደማይቀመጡ አውቃለሁ። ሸክም በጀርባዋ ያሰረች ሴት ዝቅ ብላ ከተቀመጠች ብቻዋን አትነሣም። የሚያስፈልጋት ገመዷን ሳትፈታ፣ እንደቆመች ሸክሟን የምታሳርፍበት ከፍ ያለ ነገር ነው። ይህን ብናገር ግን ከየት እንዳወቅሁት...

ተዪው።

ጥቅምት 8

ስኳር የተጠቀለለበትን ወረቀት ሳነብ ዋልኩ። ፊደል የለየሁት በእንዲህ ያለ ወረቀት ነው፣ አስተማሪ አልነበረኝም። ዛሬ ግን መስመሩ ከዓይኔ ሥር እንደ ውኃ ይሄዳል።

አስካለን በሕልሜ አየኋት። ጉም ውስጥ ተቀምጣለች። አልተቆጣችኝም። እጇን ብቻ ዘረጋች። ስነቃ እጄ ባሕር ዛፍ ባሕር ዛፍ ይላል፣ ወይም ይመስለኛል።

ለአንቺ ብቻ። ሳላገባ በፊት ከአስካለ ጋር እንጨት እንሸከም ነበር። ላይ መታጠፊያው ጋ ደክሟት ዝቅ ያለ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። አንሺኝ አለችኝ። የደን ጥበቃው ፊሽካ ይቀርባል። እንጨቴን ይወስዱብኛል ብዬ ጥያት ወረድኩ። ብቻዋን ልትነሣ ስትታገል ወደቀች። ወገቧ። ዘመዶቿ ወደ አገሯ ወሰዷት፣ ከዚያ ወዲያ አላየኋትም። ለጠየቀኝ ሁሉ ቀድሜያት ወርጄ ነበር አልኩ። ባሌም ይህንኑ እንዳመነ ሞተ።

ጥቅምት 11፣ ጠዋት

ጋሽ ቶሎሳ አጥሬ ሥር ቆመው እሑድ መደቡን እንደሚያፈርሱት ነገሩኝ። ድንጋዩ ለዕድሩ ዕቃ ቤት ይሆናል። ሁለተኛ መደብ ሊሠሩበት ያስመጡት ድንጋይም አብሮ። አልተቆጡም፣ ድምፃቸው ግን እንደ ታመመ ሰው ነው። ሰፈሩ ከእንግዲህ የሳቸውን ሥራ የማይፈልግ መስሏቸዋል።

ዛሬ ዓርብ ነው። ሁለት ቀን ብቻ ቀረ። ሰማዩ ደግሞ እንዴት ጥርት ብሏል፣ ታች ሲግናል ሰፈር ድረስ ያሉት ጣሪያዎች ያበራሉ።

ያው ዓርብ፣ 11 ሰዓት

ሄድኩ። ከጓሮዬ ጭራሮ አስሬ በጀርባዬ አዘልኩና መደቡ ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ ለመነሣት ሞከርኩ። አልቻልኩም። ጋሽ ቶሎሳ ሮጠው መጥተው በሁለት እጃቸው አነሡኝ።

መደቡን በስንዝር ለኩት። «እኔ እኮ የሠራሁት ለራሴ ወገብ ነው፣ ዘነቡ» አሉኝ።

ቀጥ ብዬ እንድቆም ነገሩኝ። ሸክሜ የሚያርፍበትን ቁመት ከመደቡ ጀርባ ባለው ግድግዳ ላይ በከሰል አሰመሩ። እንጨት ትሸከሚ ነበር እንዴ አሉኝ። አዎ አልኳቸው። ለሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው። ሌላ አልጠየቁም።

ጥቅምት 17፣ ጠዋት

መደቡ ከፍ አለ። ደረቀ። ጉሙ ተመልሷል።

ያቺ ባለ ቀይ ሻሿ መጣች። አየችው። ዞር ብላ ሸክሟን አሳረፈች፣ ገመዱን ሳትፈታ። አልቀለደችም። ዓይኗን ጨፈነች። ጉሙ ወገቧን፣ ከዚያ ሻሿን ሸፈነው። ቆማ አንቀላፋች መሰለኝ። ላናግራቸው ስል ጋሽ ቶሎሳ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ።

ስትሄድ ሁለተኛውን የት እንደምንሠራ ጠየቁኝ። እኔ መምረጥ አለብኝ አሉ። ነገ እነግርዎታለሁ አልኳቸው።

ከሰዓት

ወሰንኩ። ነገ ላይ መታጠፊያው ጋ እወስዳቸዋለሁ። ካገባሁ ወዲህ ረግጬው አላውቅም። ለምን እዚህ ካሉኝ ስለ አስካለ እነግራቸዋለሁ። አገሯ የት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ካለም እጠይቃለሁ። ካልጠየቁኝም ራሴ እጀምራለሁ።